በአሉሚኒየም ቴስታታ ውስጥ ብሎን ተሰብሮ ፑንታው ሲጠምም

ጥያቄው ባጭሩ እንዲህ ነው። ጠያቂው የጭስ ማውጫውን ማኒፎልድ ሲፈቱ በአሉሚኒየም ቴስታታው (ሲሊንደሮቹን ከላይ በሚከድነው የሞተር ክፍል) ላይ አንድ የኤም 8፣ ማለትም የ8 ሚሊሜትር፣ ብሎን ተሰበረባቸው፤ ስብራቱ ከቴስታታው ፊት 3 ሚሊሜትር ያህል ወደ ውስጥ ገብቷል። በእጅ መሰርሰሪያ ትራፓኖና በ5 ሚሊሜትር ፑንታ፣ ማለትም በመብሻ ብረቱ፣ ሊበሱት ሲሞክሩ ፑንታው ከብሎኑ ላይ ተንሸራትቶ ወደ አሉሚኒየሙ ገባ። አሁን ቀዳዳቸው ከብሎኑ መሀል 1.5 ሚሊሜትር ያህል ወጥቷል። አንድ ወዳጃቸው «በ8.5 ፑንታ አስፋውና የኤም 10 ጥርስ አውጣበት» ብሏቸዋል። «ምክሩን ልከተል? ደግሞስ ጥርስ ሳወጣ ታፑ እንዳይሰበርብኝ ምን ላድርግ?» ይላሉ። ታፕ በቀዳዳ ውስጥ ብሎን የሚይዝበትን ጥርስ የሚያወጣው መቁረጫ ነው።

አይከተሉ። ትራፓኖውንም ለዛሬ ያስቀምጡት። እንደነገሩኝ ከሆነ ቀዳዳው ገና ይድናል፤ ከእንግዲህ በዘፈቀደ የሚገባ አንድ ፑንታ ግን ቴስታታውን ከሚድን ወደማይድን ያሻግረዋል።

ታፕ ሲሰበር ብዙ ሰው ታፑን ይወቅሳል። ጥርስ የሚያምረው ወይም የሚበላሸው ግን ታፑ ከመያዙ በፊት ነው። ቀዳዳው የት ላይ ነው? ቀጥ ብሏል? ስፋቱ ስንት ነው? ታፕ ያገኘውን ቀዳዳ ተከትሎ ይገባል እንጂ የጠመመውን አያቃናም፣ የጠበበውንም አያሰፋም። ስለዚህ ስለ ታፕ ቢጠይቁኝም የመልሴ ትልቁ ክፍል ስለ ቀዳዳው ይሆናል።

መጀመሪያ ፑንታው ለምን እንደሸሸ እንነጋገር፤ ይህን ሳይረዱ ሁለተኛ ቢሞክሩ ያው ይደገማልና። የተሰበረ ብሎን ፊቱ ጠፍጣፋ አይደለም። ተዳፋት አለው፣ ጉብታ አለው፣ ጫፉም እንደ ተገመሰ ድንጋይ ሻካራ ነው። የፑንታ ጫፍ ደግሞ መሀሉ ላይ አይቆርጥም፤ ሁለቱ ከንፈሮች የሚገናኙበት ጠባብ አግድም መስመር ብረቱን የሚጫነውና የሚፈጨው ነው። ተዳፋት ላይ ሲያርፍ ወደ ዝቅተኛው ይንሸራተታል። ዝቅተኛው ቦታ ከአሉሚኒየሙ አጠገብ ከሆነ አንዱ ከንፈር ለስላሳውን ያገኛል፣ ሌላው ከጠንካራው ብሎን ጋር ይታገላል፤ ጠንካራው ፑንታውን ወደ ለስላሳው ይገፋዋል። በዚያች ቅጽበት እጅ ምንም ያህል ቢጸና ፑንታውን አይመልሰውም። ስለዚህ እጄ ተንቀጥቅጦ ነው ብለው አይዘኑ። የጎደለው ፑንታውን የሚይዝ መሪ ነበር።

አሁን ወደ ኤም 10 ምክር። ወዳጅዎ ያሉት ከባዶ የመነጨ አይደለም፤ በወፍራም ጊዛ፣ ማለትም ቀልጦ በቅርጽ በፈሰሰ ብረት ላይ ቢሆን ምናልባት እኔም እስማማ ነበር። እዚህ ግን ሦስት ነገር ይከለክላል። አንደኛ፣ የማኒፎልዱ ቀዳዳ ለ8 ብሎን የተሠራ ነው፤ ለ10 ብሎን እርሱም መስፋት አለበት፣ ማኒፎልድ ደግሞ ሲሞቅ ስለሚለጠጥ በቀዳዳው ውስጥ የመንሸራተቻ ክፍተት ያስፈልገዋል። ሁለተኛ፣ የኤም 10 ብሎን ጭንቅላት ትልቅ ነው፤ በማኒፎልዱ ቧንቧዎች መካከል ቁልፍ የሚገባበት ቦታ ብዙ ጊዜ አይተርፍም። ሦስተኛውና ዋናው ግን፣ በጠመመው ቀዳዳ ላይ 8.5 ፑንታ ቢያስገቡ ፑንታው የጠመመውን ተከትሎ ይሄዳል። ሰፊና ጠማማ ቀዳዳ ይኖርዎታል፤ ማኒፎልዱም አይገጥምም።

የእኔ ምርጫ ዋናውን የኤም 8 ልክ በሽቦ ጥርስ፣ ማለትም በሰፋው ቀዳዳ ውስጥ በሚገባ የሽቦ ጥቅልል፣ መመለስ ነው፤ ብዙ ሰው ሄሊኮይል የሚለው። እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚነገር አንድ ስህተት አለ፤ «ሄሊኮይል ትንሽ ብረት ብቻ ነው የሚያስቆርጠው» ይባላል። እውነት አይደለም። ለኤም 8 ሄሊኮይል የሚያስፈልገው ፑንታ 8.3 ወይም 8.4 ሚሊሜትር ነው፤ ለኤም 10 ደግሞ 8.5። ልዩነቱ ከፀጉር ብዙም አይበልጥም። የሄሊኮይሉ ታፕ ውጫዊ ስፋትም 9.6 ሚሊሜትር ገደማ ስለሆነ ከኤም 10 የሚያንሰው በጥቂቱ ነው። ጥቅሙ ሌላ ቦታ ነው፤ ብሎኑ 8 ሆኖ ይቀራል፣ ማኒፎልዱ አይነካም፣ ብሎኑም ከእንግዲህ የሚጠብቀው በአሉሚኒየም ላይ ሳይሆን በማይዝግ የብረት ሽቦ ላይ ነው። ደጋግመው ቢፈቱትና ቢያስሩት ጥርሱ አይበላም።

የጠመመው ቀዳዳስ? ይህንን በቁጥር እንየው፤ ውሳኔው ያለው እዚህ ላይ ነውና። ቀዳዳዎ ስፋቱ 5 ስለሆነ ከራሱ መሀል እስከ ጠርዙ 2.5 ሚሊሜትር ነው። መሀሉ ደግሞ ከእውነተኛው መሀል 1.5 ሸሽቷል። ስለዚህ የራቀው ጠርዝ ከእውነተኛው መሀል 4 ሚሊሜትር ላይ ይገኛል። በትክክለኛው መሀል ላይ የሚበሳው የ8.4 ቀዳዳ ደግሞ ከመሀል እስከ ጠርዝ 4.2 ነው። ይውጠዋል! በ0.2 ሚሊሜትር ብቻ ቢሆንም ጠማማው ቀዳዳ በአዲሱ ውስጥ ሙሉ በሙሉ ይጠፋል። መጀመሪያ ትራፓኖውን ያስቀምጡት ያልኩት ለዚህ ነው። ሽሽቱ 2.5 ሚሊሜትር ቢሆን ኖሮ ጠርዙ 5 ላይ ይደርስና ከሄሊኮይሉ ጥርስም ውጭ ይወጣ ነበር፤ ያን ጊዜ ቀዳዳውን በአርጎን ብየዳ ሞልቶ እንደገና መብሳት ሊያስፈልግ ይችል ነበር። እና 1.5 ያሉትን በዓይን ግምት ከሆነ ያሉት፣ በካሊፐር ደግመው ይለኩት።

ቀላሉ መንገድ ቴስታታውን አውርዶ ፍሬዛ ማሽን ላይ ማሰር ነው። ባለሙያው ከሁለቱ አጎራባች ቀዳዳዎች ተነስቶ እውነተኛውን መሀል ያገኛል፤ የፍሬዛ መቁረጫ ደግሞ በጠንካራ ማሽን ተይዞ ስለሚወርድ እንደ ፑንታ በቀላሉ ወደ አሮጌው ቀዳዳ አይሳብም። ቴስታታው ለሌላ ሥራም የሚወርድ ከሆነ ሁለት ጊዜ አያስቡ።

ቴስታታው ሳይወርድ የሚሠራ ከሆነ ግን መሪ ብረት ያሠሩ። 20 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ብረት ይወሰድና በግራና በቀኝ ባሉት ደህና ቀዳዳዎች ልክ ሁለት ቀዳዳ ይበሳል፤ በመካከላቸው ደግሞ በተሰበረው ብሎን እውነተኛ መሀል ላይ 12 ሚሊሜትር ቀዳዳ ይሠራል። በዚህ ውስጥ ፑንታውን አቅፎ የሚመራ ቦኮላ ይገባል፤ ቶርኖ ላይ የተሠራ፣ አንዱ ውስጡ 6.5፣ ሌላው 8.4 የሆነ። ፑንታው በቦኮላው ውስጥ ያለ ትግል ይሽከርከር እንጂ መወዛወዝ የለበትም። ቦኮላው አጭር ከሆነ አይመራም፤ ርዝመቱ ቢያንስ የፑንታውን ስፋት እጥፍ ይሁን። የማኒፎልዱን ጓርኒሲዮን፣ በማኒፎልዱና በቴስታታው መካከል የሚገባውን ማሸጊያ፣ እንደ ንድፍ ተጠቅመው መሀል አይውሰዱ፤ ቀዳዳዎቹ ሆን ተብሎ ሰፋ ተደርገው ስለሚሠሩ ያሳስትዎታል።

ከዚያ በፊት አንድ ትንሽ ሥራ አለ። በጠማማው ቀዳዳ ውስጥ 5 ሚሊሜትር የሆነ የለስላሳ ብረት ዘንግ ልክ በልክ ቆርጠው በመዶሻ ቀስ ብለው ያስገቡ፤ ከፊቱ ጋር እኩል ይሁን። ይህ ነገር ትርፍ ሥራ ይመስላል፤ ግን ፑንታው በአንድ ወገን ባዶ ቦታ ካገኘ መሪ ቢኖረውም ይገፋል፣ ቦኮላውንም ይበላዋል። ዘንጉ ከገባ በኋላ ፑንታው በሁለቱም ወገን ብረት ያገኛል፣ ይረጋጋልም።

ከዚያ በ6.5 ፑንታ፣ በደቂቃ ከ800 እስከ 1,000 ዙር፣ የመቁረጫ ዘይት እየጨመሩ ይብሱ። በግራ የሚቆርጥ ፑንታ ካገኙ እርሱን ይምረጡ። ብዙ ጊዜ አይቻለሁ፤ በግራ የሚዞረው ፑንታ ብሎኑን እየበሳ እያሞቀው ይሄድና ድንገት ይነክሰዋል፤ ብሎኑም እንደ ተፈታ ነገር ራሱ እየዞረ ይወጣል። ባይወጣም ችግር የለም። 6.5 በትክክለኛው መሀል ላይ ከተበሳ ከብሎኑ የሚቀረው ስስ የጥርስ ጥቅልል ብቻ ስለሆነ በሹል መርፌ እየነቀሉ ያወጡታል። የጠመመው ጥልቀት ከ3 ወይም ከ4 ሚሊሜትር የማይበልጥ ከሆነ ከታች ያለው ጥርስ ደህና ሆኖ ሊያገኙት ይችላሉ፤ ያን ጊዜ ሄሊኮይሉም ላያስፈልግ ይችላል፣ ትንሽ ረዘም ያለ ብሎን ይበቃል።

ስለ ሾጣጣው የብሎን ማውጫ አንድ ነገር ልበል። በተሰበረው ብሎን ቀዳዳ ውስጥ ገብቶ በግራ ሲዞር የሚነክሰውን ማለቴ ነው። የዛገ ብሎንን ሊያወጣ ሲሞክር መጀመሪያ የሚያደርገው ብሎኑን ከውስጥ ወደ ውጭ መወጠር ነው፤ የተጣበቀውን የባሰ ያጣብቀዋል። ሲሰበር ደግሞ ፑንታ የማይበሳው ጠንካራ ብረት በቀዳዳው መሀል ትቶ ይሄዳል። ወደ እኔ ከሚመጡት ከባድ ሥራዎች ውስጥ ስንቶቹ በዚህ መሣሪያ የተጀመሩ መሆናቸውን ሳስብ አዝናለሁ። ባልዛገ፣ በቀላሉ በሚዞር ብሎን ላይ ይሠራል፤ በጭስ ማውጫ ብሎን ላይ ግን አይሞክሩት።

ሙቀት ግን ወዳጅ ነው። አሉሚኒየም ሲሞቅ ከብረት እጥፍ ገደማ ይለጠጣል፤ ስለዚህ አካባቢው ሲሞቅ ቀዳዳው ከብሎኑ ይበልጥ ይሰፋል። ነበልባሉን አንድ ቦታ ላይ አያቁሙ። አሉሚኒየም እንደ ብረት ቀልቶ አያስጠነቅቅም፤ መልኩን ሳይለውጥ ድንገት ቀልጦ ይወርዳል።

አሁን ስለ ስፋት። ጥርስ የሚወጣበትን ቀዳዳ ስፋት ለማግኘት ቀላል ስሌት አለ፤ ከብሎኑ ስፋት ላይ የጥርሱን እርምጃ ይቀንሱ። እርምጃ ማለት ከአንዱ ጥርስ ጫፍ እስከ ቀጣዩ ያለው ርቀት ነው። ኤም 6 እርምጃው 1 ስለሆነ 5 ሚሊሜትር፤ ኤም 8 እርምጃው 1.25 ስለሆነ 6.75፣ በተግባር 6.8፤ ኤም 10 በ1.5 እርምጃ 8.5፤ ኤም 12 በ1.75 እርምጃ 10.25፣ በተግባር 10.2። ኤም 10 በ1.25 እርምጃም አለ፤ እርሱ 8.8 ይፈልጋል። ለሄሊኮይል ይህ ስሌት አይሠራም፤ ከኪቱ ጋር የመጣውን ፑንታ ይጠቀሙ።

«ጠበብ ባደርገው ጥርሱ አይጠነክርም?» የሚል ሐሳብ ይመጣል። ለኤም 8 በ6.8 ሲበሳ የሚወጣው ጥርስ ከሙሉ ቁመቱ ሦስት አራተኛ ያህል ነው። በ6.5 ቢበሳ ከዘጠኝ አሥረኛ ያልፋል፤ ጥንካሬው ግን የሚጨምረው በጥቂቱ ነው፣ ታፑን ለማዞር የሚያስፈልገው ኃይል ደግሞ በብዙ ያድጋል። ታፕ ከሚሰበርባቸው ዋና ዋና ምክንያቶች አንዱ ይህ ነው። የጥርስ ጥንካሬ የሚገኘው ከጥልቀት ነው፤ ብረት ውስጥ የብሎኑን ስፋት ያህል፣ ጊዛ ውስጥ አንድ ተኩል እጥፍ፣ አሉሚኒየም ውስጥ ሁለት እጥፍ ጥርስ ቢይዝ ይበቃል። ለእርስዎ ብሎን 16 ሚሊሜትር ማለት ነው።

የፑንታው ቁጥርም ሊያታልል ይችላል። በእጅ የተሳለ፣ አንዱ ከንፈሩ ከሌላው የረዘመ ፑንታ ከቁጥሩ አስፍቶ ይበሳል፤ 6.8 የተጻፈበት 7.1 ሲበሳ አይቻለሁ። ስለዚህ በጥራጊ አሉሚኒየም ላይ አንድ ጊዜ ብሰው በካሊፐር ይለኩ፤ ከዚያ ወደ ቴስታታው ይሂዱ። ሁለት ደቂቃ ነው።

ጥልቀቱን ከአጎራባቹ ቀዳዳ ይውሰዱ፤ የካሊፐሩን የኋላ ዘንግ አስገብተው ይለኩ። ከዚያ በላይ አይሂዱ፤ ከጀርባው የውሃ መተላለፊያ ወይም የጭስ መውጫ ሊኖር ይችላል። የፑንታ ጫፍ ሾጣጣ ስለሆነ ከስፋቱ ሦስት አሥረኛ ያህል የሚደርሰው ርዝመት ሙሉ ስፋት ያለው ቀዳዳ አይሰጥም፤ በ8.4 ፑንታ 2.5 ሚሊሜትር ገደማ ነው። ጥልቀቱን ለማመልከት በፑንታው ላይ ፕላስተር መጠምጠም የተለመደ ነው፣ ነገር ግን ፍቅፋቂው ወደ ላይ ሲወጣ ፕላስተሩን ይገፋዋል። በብሎን የሚጠብቅ ቀለበት ቢያደርጉበት ይሻላል።

ከመብሳትዎ በፊት የጭስ መውጫውን ቀዳዳ በንጹሕ ጨርቅ ይድፈኑ፤ ስንት ጨርቅ እንዳስገቡም ይቁጠሩ። ቱርቦ ያለው ሞተር ከሆነ ይህ ቀልድ አይደለም፤ አንድ የብረት ፍቅፋቂ በከፍተኛ ፍጥነት የሚሽከረከረውን ተርባይን ሊያጠፋው ይችላል። ፑንታውንና ታፑን ግራሶ ቢቀቧቸው ፍቅፋቂው ይጣበቅባቸዋል። ሲጨርሱ በነፋስ አይንፉ፤ ይምጠጡት።

ቀዳዳው ከተበሳ በኋላ አፉን በሾጣጣ መፈልቀቂያ ከጥርሱ ስፋት በትንሹ ያስፉት። ይህ ካልተደረገ ብሎኑ ሲጠብቅ የመጀመሪያው ጥርስ ወደ ላይ ይነሳና ከፊቱ በላይ ይጎብጣል፤ ጓርኒሲዮኑ እኩል አይቀመጥም።

እነሆ ታፑ ጋ ደረስን። የእጅ ታፕ ብዙ ጊዜ ሦስት ሆኖ ይመጣል። የመጀመሪያው ጫፉ ረጅም ሾጣጣ ነው፤ ቀስ ብሎ ይጀምራል። ሁለተኛው ያስፋፋል። ሦስተኛው እስከ ታች ጥርሱን ይጨርሳል። ታች በተደፈነ ቀዳዳ ውስጥ የመጀመሪያውን ብቻ ተጠቅሞ የሚያቆም ሰው ብሎኑ ግማሽ መንገድ ላይ ይጠብቅበታል። ለማሽን የተሠሩት ሌላ ነገር ናቸው፤ ጥምዝ ቦይ ያለው ፍቅፋቂውን ወደ ላይ ይስባል፣ ለተደፈነ ቀዳዳ ይሆናል፤ ጫፉ ላይ ብቻ የተሰየፈው ወደ ፊት ይገፋል፣ ከዳር እስከ ዳር ለተበሳ ብቻ። ሁለተኛውን በተደፈነ ቀዳዳ ውስጥ ቢጠቀሙ ፍቅፋቂው ታች ይከማችና ታፑ ይሰበራል።

ታፑን በሁለት እጅ ይያዙት። በአንድ እጅ የሚዞር እጀታ ወደ አንድ ወገን ይጎትታል፤ ታፕ ደግሞ መጠምዘዝን ይችላል እንጂ መታጠፍን አይችልም፣ ጠንካራ ስለሆነ ይቀነጠሳል። የሠራነው መሪ ብረት እዚህም ያገለግላል፤ የታፑን ግንድ ልክ የሚያቅፍ ሌላ ቦኮላ ካሠሩለት ቀጥ ብሎ ይገባል። ያለ መሪ ከሆነ ሁለት ዙር እንደገባ ያቁሙና በስኳድራ፣ በዘጠና ዲግሪ መለኪያው፣ ከሁለት አቅጣጫ፣ ከፊትና ከጎን፣ ይመልከቱት። አዘንብሎ ከሆነ እጀታውን ገፍተው ለማቅናት አይሞክሩ፤ መልሰው ያውጡትና እንደገና ይጀምሩ።

ግማሽ ዙር ወደ ፊት፣ ሩብ ዙር ወደ ኋላ። ወደ ኋላ ሲመልሱ ትንሽ ተቃውሞ ይሰማዎታል፣ ቀጥሎም «ቅጭ» የሚል ነገር በእጅዎ ያልፋል፤ ፍቅፋቂው የተቆረጠበት ቅጽበት ነው። ይህን ስሜት ይልመዱት። ከዚህ የሚለይ ሌላ ስሜት ደግሞ አለ፤ እጀታውን ሲያዞሩ ይሄዳል፣ ሲለቁት ግን እንደ ምንጭ ሽቦ ይመለሳል። ታፑ እየቆረጠ አይደለም፤ እየተጠመዘዘ ነው። ከዚያ በኋላ የሚጨመር አንድ ስምንተኛ ዙር ይሰብረዋል። ያኔ ወደ ኋላ መልሰው ሙሉ በሙሉ ያውጡት፣ ቦዮቹን ይጥረጉ፣ ቀዳዳውን ያጽዱ። በአሉሚኒየም ውስጥ እኔ በየሦስት ወይም በየአራት ዙሩ አወጣዋለሁ፤ አሉሚኒየም ይለጠፋል፣ ቦዩን ይሞላል፣ ከዚያም ያወጣውን ጥርስ ራሱ ይቀደዋል።

ለአሉሚኒየም ነጭ ጋዝ በጣም ጥሩ ቅባት ነው። ለብረት ወፍራም የመቁረጫ ዘይት። ጊዛ ግን በደረቁ ይቆረጣል፤ ውስጡ ያለው ግራፋይት ራሱ ያለሰልሳል፣ ፍቅፋቂውም እንደ ዱቄት ነው። ዘይት ከጨመሩበት ዱቄቱ ጭቃ ይሆንና ታፑን እንደ ሞረድ ይበላዋል። በጊዛ ላይ ቀስ ብለው ይብሱ፤ ለ8.4 ፑንታ በደቂቃ 750 ዙር አካባቢ ይበቃል፣ በአሉሚኒየም ላይ ደግሞ በቋሚ ማሽን እስከ 2,200 መሄድ ይቻላል።

ሄሊኮይሉን ሲያስገቡ ሽቦው ከፊቱ ሩብ እስከ ግማሽ እርምጃ ዝቅ ብሎ ይቀመጥ። ከላይ ከቀረ ማኒፎልዱ ይገፋዋል። ታች ያለችውን ትንሽ መታጠፊያ ሰብረው ማውጣትዎን አይርሱ፤ ከቀዳዳው ካልወጣች ብሎኑ ይመታታል።

ከሁሉ በላይ ልብ እንዲሉልኝ የምፈልገው ቀጥሎ ያለውን ነው። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን አንድ የጊዛ ሞተር ገጥመን ነበር። የቴስታታ ብሎኖቹ ቀዳዳዎች ታች የተደፈኑ ናቸው። አጥበናቸዋል፣ ግን አላደረቅናቸውም፤ ታች ላይ ዘይትና ውሃ ቀርቶ ነበር። ብሎኖቹን እኔ ነበርኩ የማጠብቀው። አንዱ ላይ ቁልፉ ሲከብድ ሲከብድ ቆይቶ ድንገት ቀለለ፣ ከብረቱም ውስጥ ደረቅ ድምፅ ተሰማ። ፈሳሽ አይጨመቅም፤ ብሎኑ እንደ ፒስተን ወርዶ ፈሳሹን ጨቁኖት ነበር፣ ፈሳሹም መውጫ ሲያጣ ብረቱን ሰነጠቀው። ሞተሩ በሙሉ ለአንድ ማንኪያ ፈሳሽ ሄደ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የተደፈነ ቀዳዳ ሁሉ በጨርቅ በተጠመጠመ ሽቦ እስከ ታች ሳላደርቅና በባትሪ ብርሃን ሳላይ ብሎን አላስገባም። ነጭ ጋዙም ሆነ ግራሶው በቀዳዳው ውስጥ እንዳይቀር።

ያረጀ ጥርስ ለማጽዳት ብቻ ከሆነም የሚቆርጥ ታፕ አያስገቡ፤ በየጊዜው ትንሽ ትንሽ ብረት ይወስዳል፣ ጥርሱም ይላላል። አሮጌ ጥሩ ብሎን ወስደው በጎኑ ላይ ሁለት ወይም ሦስት ቦይ በመጋዝ ቢቆርጡበት ለማጽጃ የተሻለ ነው።

ታፑ ከተሰበረስ? አይቆጡ፣ አይምቱትም። ቦዮቹ ውስጥ ያለውን ፍቅፋቂ አጽድተው በሦስት ወይም በአራት ቀጫጭን የብረት ዘንጎች እየገፉ ወደ ግራና ወደ ቀኝ በትንሹ ያወዛውዙት፤ ከተላቀቀ ይወጣል። ካልወጣ ባለ ኤሌክትሪክ ብልጭታ መሸርሸሪያ ማሽን ወዳለበት ይውሰዱት፤ ታፑን ከመሀሉ እየበላ ያወጣዋል፣ ጥርሱንም አይነካም። በተራ ፑንታ ሊበሱት ቢሞክሩ ፑንታው ይሸሽና ዛሬ ወዳሉበት ችግር ይመልስዎታል።

ሌላ የጠቆሙኝ ነገር ነበር፤ ብሎኑ ከመጀመሪያው ጀምሮ ከብዶዎት እንደነበር። እርሱ አጠራጥሮኛል። የ5/16 ኢንች ብሎን ስፋቱ 7.94 ሚሊሜትር ስለሆነ በዓይን ከኤም 8 አይለይም፤ በኢንች 18 ጥርስ ያለው ግን እርምጃው 1.41 ነው። ወደ ኤም 8 ቀዳዳ ሁለት ዙር ያህል በጣት ይገባል፣ ከዚያ ይጠብቃል፣ ቁልፍ ከተጨመረበት ጥርሱን እየበላ ይሄዳል። ከዚህ በፊት ሌላ ሰው ተሳስቶ አስገብቶት ሊሆን ይችላል። የጥርስ መለኪያ ወስደው የተሰበረውን ጭንቅላትና አጎራባቾቹን ሁሉ ይፈትሹ፤ ሌላም እንዲህ ያለ ብሎን ካለ ሳይሰበር ይተካ። አዲሶቹን ሲያስገቡ ሙቀት የሚቋቋም ፀረ መጣበቅ ቅባት በስሱ ይቀቡ፤ የማጥበቂያ ኃይሉን ከአምራቹ መመሪያ ይውሰዱ። በቅባት የተቀባ ብሎን በደረቁ ከተጻፈው ቁጥር ጋር ሲጠብቅ ከሚገባው በላይ እንደሚወጠርም ያስቡበት።

አሁን ከእርስዎ ሁለት ልኬት እፈልጋለሁ። አንደኛ፣ የጠመመው ቀዳዳ ጠርዝ ከአጎራባቹ ቀዳዳ ጠርዝ ያለው ርቀት በካሊፐር፤ ሁለተኛ፣ ቀዳዳው ምን ያህል ጥልቅ እንደሆነ። እነዚህን ይዘው ሲመለሱ ሽሽቱ በእርግጥ 1.5 መሆኑንና የ8.4 ቀዳዳ ሊውጠው መቻሉን አብረን እናሰላለን፤ መሪ ብረቱም የሚሠራው ከዚያ በኋላ ነው።